የደሚቱ ግራ ክንድ

«አጥንት አይዋሽም» እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ስለፈልፍ ኖርኩ። ምነው ያኔ አፌን ቁርጥ ባደረገው!

ዱሬሳ እባላለሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ፕሮፌሰር እንዳይመስላችሁ፤ አጥንት አጣቢ ነበርኩ። አጥንቱን የምቀቅለው፣ የማጥበው፣ ፀሐይ ላይ የማሰጣው፣ በሽቦ አያይዤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የማደርገው እኔ ነኝ። መምህሩ ሲያረፍድ ግን ማን ያስተምር ነበር መሰላችሁ? ተማሪዎቹ «ጋሽ አጥንት» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ትልልቅ ሐኪም የሆኑት ሁሉ በእነዚህ እጆቼ ነው ያለፉት። መኩራራት ከሆነ ይሁን።

ተማሪውን ዓይኑን አስጨፍነውና አንድ አጥንት መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። «በል ንገረኝ፣ ምንድነው?» ረጅም ከሆነ የጭን ወይም የክንድ ነው። ጠጠር የሚያክል አጭር ከሆነ የእጅ አንጓ ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ብራኳ ወይም የራስ ቅል ጣሪያ ነው። ቅጥ የሌለው፣ ሁሉም ጎኑ የሚወጋ ከሆነ አከርካሪ ነው። የጉልበት ሎሚማ ሕፃንም አይስታትም። ከዚያ «ጣትህን አስኪድበት» እለዋለሁ። ጡንቻ የጎተተው ቦታ ጉብ ይላል፣ ደም ሥር የተኛበት ቦይ ያወጣል፣ ነርቭ ያለፈበት ይበሳል። «ሰው የኖረውን ሁሉ አጥንቱ ላይ ጽፎት ነው የሚሞተው» ብዬ ስጨርስ ያጨበጭቡልኝ ነበር።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ።

መጋቢት ውስጥ ባለቤቴን ደሚቱን የቀበርንበት ደብር ማስታወቂያ አወጣ። ግቢው ሊታነጽ ስለሆነ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው መቃብር ያረፈ የቤተሰብ አፅም እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ተነሥቶ አዲሱ የግድግዳ መቃብር፣ ፉካው ውስጥ ይግባ ይላል። ደሚቱ ከሞተች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአርባ አንድ ዓመቷ ነው ስኳር የነጠቀኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ደግሞ እናቷ እማሆይ ወለተሰንበት አረፉ፤ መቃብር ጠፍቶ ያንኑ አስከፍተን እላይዋ ላይ አሳረፍናቸው። እና እናትና ልጅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው።

የደሚቱ ወንድም ቦጂያ ከጊንጪ ደወለ። «ጋሽ ዱሬሳ፣ እናቴን ወደ ሀገሯ እወስዳታለሁ። እህቴ እዚያው አጠገባችሁ ትሁን። አንተ አጥንት ስለምታውቅ ትለይልኛለህ» አለኝ። እሺ አልኩ። መለየቱ ለእኔ ምን ያቅታል? የአንዲት ሰባ ዘጠኝ ዓመት አሮጊትና የአንዲት ጎልማሳ ሴት አጥንት ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ።

የጨነቀኝ ልጄ ፋዮ ናት። ፋዮ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሐኪም ናት፤ አሁን የአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ሁለተኛ ዓመት ላይ ነች። ነገሩን ስነግራት ሻይዋን አስቀመጠችና «እኔም አለሁ። እማዬን በእጄ ነው የማነሣት» አለች።

«አንቺ ሥራ አለብሽ፣ ደግሞስ የእናት አፅም ማየት ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«አባዬ፣ አጥንት ያስተማርከኝ አንተ ነህ እኮ» አለችኝ። ሳቀች።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላል የሀገሬ ሰው። የፈራሁት ይኸውላችሁ፦ የደሚቱ ግራ ክንድ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው አጥንት መሃል ላይ፣ ተሰብሮ የጠገገ ጉብታ አለ። እኔ ነኝ የሰበርኩት።

ልናገረው። ያኔ ልደታ የቀበሌ ቤት ነበርን፣ ፋዮ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሥራ ስመለስ ፎርማሊን እሸታለሁ። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ ታጠብኩ፣ አይለቅም። ደሚቱ ማታ በር ስትከፍትልኝ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ታጥበሃል?» ክፋት የለውም። ልጅ ስላለ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ እንግዶች መጡና አንዱን ልጨብጠው እጄን ብዘረጋ እጁን ኪሱ ከተተ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ዱሬሳ፣ ለእነዚያ ልጆች እንደዚያ የለፋሁት! ሰንጋ ተራ ገባሁና አረቄዬን ጠጣሁ። ቤት ስደርስ ደሚቱ በሩን ከፈተችና እንደ ወትሮዋ «ታጥበሃል?» አለችኝ።

የበሩን መቀርቀሪያ አነሣሁ። ፊቷን ለመከለል ግራ እጇን ከፍ አደረገች። ድምፁን ስሰማ የትኛው አጥንት፣ በየት ቦታ ላይ እንደሄደ በትክክል አወቅሁ። ተማሪ ቢጠይቀኝ ስሙን እነግረው ነበር።

«ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለች። «ወጌሻ ይሻላል» አልኳት። ሐኪም ይጠይቃላ! ለሰው ሁሉ «የድንጋዩ ደረጃ ላይ ወድቃ» ተባለ፤ እሷም እንደዚያው አለች። ወጌሻው አሽቶ አሰረው፣ አጥንቱም ትንሽ ጎበጥ ብሎ ጠገገ። ከዚያ ወዲህ ግራ መዳፏን ወደ ላይ እስከ መጨረሻው መገልበጥ አትችልም ነበር። ሁለተኛ አልመታኋትም። ይሄን የምለው እንድታመሰግኑኝ አይደለም። እሷም ሁለተኛ «ታጥበሃል?» ብላኝ አታውቅም፤ ውሃና ሳሙናውን አምጥታ ዝም ብላ ታስቀምጥልኛለች። ሰባት ዓመት ዝም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የኔ ነገር ግን ተገለባበጠ፤ የተወጋችው ሞተች፣ የወጋሁት እኔ ሳልረሳ ቀረሁ።

ፋዮ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እያለች አንድ ማታ የተማረችውን ስትነግረኝ፣ ክንዷን ፊቷ ላይ አድርጋ «አባዬ ታውቃለህ? ይሄኛው ብቻውን መሃሉ ላይ ከተሰበረ፣ ሰውየው ዱላ ሲከላከል ነው ማለት ነው። ወድቆ የተሰበረ እንደዚያ አይሆንም» አለችኝ። እኔም ለተማሪ የማስተምረው ነበር፤ ደሚቱን ከመታሁባት ቀን በኋላ ነው የተውኩት። «እሱማ» አልኩና ውሃ ፍለጋ ተነሣሁ።

እንግዲህ ይቺ ልጅ ናት የእናቷን ክንድ በእጇ ልትይዝ የተነሣችው። ፋዮ ከእናቷ በኋላ የቀረችኝ አንድ ሰው ናት። ካወቀች «አባዬ» ብላ መጥራቷ ያበቃል ብዬ ነው የፈራሁት። ከማስታወቂያው በኋላ ባሉት ሳምንታት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ልደታ ሄጄ ስእለት ልሳል ብዬ ደጃፉ ላይ ቆምኩና ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። «እመቤቴ፣ ልጄ እውነቱን እንዳታይ አድርጊልኝ» ይባላል? አፈርኩና ተመለስኩ።

ከዚያ ዘዴ መጣልኝ። ፋዮ ዓርብ ለቅዳሜ ተረኛ ነች። «ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ ሦስት ሰዓት እደርሳለሁ፣ እስክመጣ እንዳትነኩ» ብላለች። እኔ ቆፋሪውን ቤካን ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀጠርኩት። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም የአፅም ሳጥኖች ተዘግተው ይጠብቋታል።

ቅዳሜ ደረሰ። ሥራው ግን ይንቀረፈፋል! ቤካ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን እያንዳንዷን አካፋ አፈር እያማተበ ነው የሚያወጣው። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ይደርሳል» ይለኛል። ምን ይደርሳል! ሰዓቴን አያለሁ፣ በሩን አያለሁ፣ እንደገና ሰዓቴን አያለሁ። ቦጂያ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያለቅሳል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አጥንቱ መውጣት ጀመረ። የፈራሁት አልቀረም፤ እማሆይ ሲቀበሩ የደሚቱን አፅም የሰበሰቡበት አቡጀዲ በስብሶ ከእናትየው ጋር ተደባልቋል። ሸራ አነጠፍንና እኔ ተንበረከኩ። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ ይሄ የጎድን፣ ይሄ የዳሌ፣ ይሄ ብራኳ፣ ወዲህ፣ ወዲያ።

«እናቴ የትኛዋ ናት?» አለ ቦጂያ።

ሁለቱን ራስ ቅሎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። «የራስ ቅል አንድ አጥንት አይደለም» አልኩት፤ ስፈራ ማስተማር ይቀናኛል። «ከብዙ ጠፍጣፋ አጥንት የተሰፋ ነው። ሕፃን ሲወለድ ገና አልተገጠመም፤ ያቺ እርግብግቢት የምንላት ክፍቷ ናት። ከዚያ ይገጥማል፣ ስፌቱ በዚግዛግ ይታያል። ሲያረጁ ደግሞ ስፌቱ እየጠፋ ይሄዳል። ይኸው እዚህኛው ላይ ጠፍቷል። መንጋጋውም ጥርሱ ካለቀ ቆይቶ ቀጥኗል። እናትህ እኚህ ናቸው።»

ሳመው። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር፣ ጋሽ ዱሬሳ!» አለኝ። ያቺን ምስጋና እንዴት እንደዋጥኳት!

ሌላኛውን አነሣሁት። የግንባሩ ስፌት ፍንትው ብሎ ይታያል፣ ከጆሮ ኋላ ያለው ጉብታ የሴት ነው፣ ትንሽ። የላይኛው ጥርስ መሃል ላይ ፍንጭቷ አለች። አይ ደሚቱ! በዚያች ፍንጭት ስትስቅ ነበር የወደድኳት። በሺህ የሚቆጠር ራስ ቅል አጥቤአለሁ፣ አንዱም ስቆልኝ አያውቅም። እዚያው ሸራው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ቤካ ፊቱን አዞረ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አጥንቱ በየሳጥኑ ገብቶ ሲያልቅ ቦጂያ ለፍትሐቱ ቄሱን ሊጠራ ሄደ፣ ቤካ ውሃ ሊጠጣ ወደ ቧንቧው ወረደ። ብቻዬን ቀረሁ። የደሚቱ ግራ ክንድ ፊት ለፊቴ ነው። ጉብታው ከጠበቅሁት በላይ ትልቅ ነው፤ አውራ ጣቴን ባስኬድበት ተሰማኝ። ኪሴ ልክተተው? ከሰው አፅም አጥንት ነጥቆ መሄድ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ጎደለ ብላ ትጠይቃለች። ያኔ ዓይኔ የእናትየው ግራ ክንድ ላይ ዐረፈ።

ቀያየርኳቸው። ጉብታ ያለበትን አንዱን የደሚቱን አጥንት ብቻ በእማሆይ ሳጥን ውስጥ ከጭን አጥንቱ ሥር ሸጎጥኩት። የእማሆይን አቻውን በደሚቱ ሳጥን ውስጥ በቦታው አስቀመጥኩት። ዛሬ ጊንጪ ይገባል፣ መሬት ይውጠዋል፣ አለቀ ደቀቀ። «ተገላገልኩ» አልኩ በድምፄ።

«አባዬ።»

ዞር ስል ፋዮ ቆማለች። ለሦስት ሰዓት ገና ሩብ ጉዳይ ነው። ከሥራ ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባለች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። መቼ እንደደረሰች፣ ምን እንዳየች አላውቅም።

«እስክመጣ እንዳትነኩ አላልኩም?»

«ቄሱ ይቸኩላሉ ብዬ ነው። ሁሉም ተለይቷል። ልዝጋው» አልኩና ክዳኑን ያዝኩ።

«እናቴን ልያት።»

ተንበረከከች። መጀመሪያ ራስ ቅሉን በሁለት እጇ አነሣችና ግንባሩን ሳመችው፤ በጣቷ ፍንጭቷን ነካች። «እማዬ» አለች፤ እንባዋ ወረደ። እኔ ክዳኑን አልለቀቅሁም። ይብቃሽ፣ ይብቃሽ፣ ዝጊው! ከዚያ የእናቷን ግራ እጅ ፈለገች። ቀኙን አልነካችም፤ በቀጥታ ግራውን።

የክንድ ሁለቱ አጥንቶች ክርን ጋ ይገጥማሉ። የአንደኛው ክብ አናት የሌላኛው ጎድጓዳ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ የአንድ ሰው ከሆኑ እንደ ክዳንና እንደ ድስቱ ናቸው። ይሄንን በስምንት ዓመቷ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ገጠመቻቸው። አልተቀመጠም። አዙራ ሞከረች። አልተቀመጠም። አጥንቱን በመዳፏ ላይ አድርጋ ክብደቱን መዘነችው።

«ይሄ የእማዬ አይደለም። የአሮጊት አጥንት ነው፣ ቀሏል፣ በአንድ ጣት ያጥራል።»

«አፈር እኮ ይበላል፣ ፋዮ። አሥራ ስድስት ዓመት...» አልኩ።

ተነሥታ ወደ አያቷ ሳጥን ሄደች። የጎድኑን ገለጥ አደረገች፣ የጭኑን አነሣች፣ ከሥሩ አወጣችው። አመጣችና ከሌላኛው ጋር ገጠመችው። ቁጭ አለ። ከዚያ አውራ ጣቷን ጉብታው ላይ አሳረፈችና አላነሣችም።

«ልጄ፣ ደረጃው ላይ...» አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት የለመደ አፍ ነው፣ በራሱ ይናገራል።

«የመኝታው በር ክፍት ነበር፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «አልጋው ላይ ነበርኩ፣ አልተኛሁም። መቀርቀሪያውን ስታነሣ አይቻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። ጉድጓዱ እንኳን ፊት ለፊቴ ነበር።

«ሃያ ሦስት ዓመት? ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበራ! ተማሪ ሳለሁ ያን ማታ ክንዴን አንሥቼ ያሳየሁህ ለምን መሰለህ? ውሃ ልጠጣ ብለህ ተነሣህ።» አውራ ጣቷ አሁንም ጉብታው ላይ ነው። «እማዬ ልትሞት ስትል ‹አባትሽን አትጥይው፣ ተጸጽቷል› አለችኝ። ለእሷ ብዬ ይቅር ብዬህ ነበር። ለስብራቱ። ዛሬ ግን... እጇን ከሷ ነጥለህ ጊንጪ ልትልክ? ያለ እጇ ልትቀብራት?»

ይሄን አላሰብኩትም። በእናቴ ሞት አላሰብኩትም። እኔ ያሰብኩት ጉብታውን ብቻ ነው። የደሚቱ እጅ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ቦጂያ ከቄሱ ጋር ከበሩ በኩል ብቅ አለ። ፋዮ አጥንቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «አንተ መልሰው። ለአጎቴም አንተ ንገረው» አለችኝ። ያቺ ድምፅ ልመና የለባትም፣ ቁጣም የለባትም።

ልዋሽ እችል ነበር። ቦጂያ ምን ያውቃል? ግን ፋዮ ታየኛለች።

«ቦጂያ» አልኩ። «ይሄ የእህትህ ክንድ ነው። ይሄ ያበጠው ተሰብሮ የጠገገበት ነው። ደረጃ ላይ አልወደቀችም። እኔ ነኝ የሰበርኳት፣ በበር መቀርቀሪያ። አሁን ደግሞ እንዳይታይብኝ ብዬ በእናትህ ሳጥን ውስጥ ደብቄው ነበር።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ክንዴን ግን አላነሣሁም። ዱላው አልመጣም። ስገልጥ ቦጂያ አጥንቱን ከእጄ ወስዶ እያገላበጠ ነው።

«ያኔ ልጠይቃት መጥቼ ተቆጣኋት እኮ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአጥንቱ። «‹እያየሽ አትሄጂም፣ አንቺ ዝርክርክ!› አልኳት። አቀርቅራ ሰማችኝ። ደሚቱዬ፣ ምንም ሳትይኝ!»

እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቼ ይሆናል፤ ያን ቃል ግን እስክሞት አልረሳውም።

ራሱ ጎንበስ ብሎ ክንዷን በቦታው አስቀመጠ። ፋዮ የእማሆይን መለሰች። ቄሱ ፍትሐቱን ጀመሩ። የደሚቱ ሳጥን ሙሉ አካሏን ይዞ ፉካው ውስጥ ገባ፣ ቤካ በሲሚንቶ አተመው። ቦጂያ እናቱን ፒክአፑ ላይ ጭኖ ፋዮን አቅፎ ስሞ ሄደ። ወደ እኔ አልዞረም። እጄን ልዘረጋ አስቤ ተውኩት።

ሰው ሲበተን እጅ ይታጠባል። ቧንቧው ጋ ቆሜ ቀረሁ፤ መሄዱንም መቆሙንም አላውቅም። መንገዱ ላይ ታክሲዎቹ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላሉ። ፋዮ ቦርሳዋን አንግታ ወደ በሩ ተራመደች። በቃ፣ ሄደች አልኩ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ተመለሰች። ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙሷን አወጣችና ክዳኑን ከፈተችው። ፊቴን አላየችም፣ እጆቼን ነው ያየችው።

«ታጥበሃል?» አለችኝ።

«አልታጠብኩም» አልኩና ሁለቱንም ዘረጋሁላት።